እውነቱ ያለው በእንግሊዝኛው ነው

ሐኪም በአማርኛ የነገረውን የሚያምን ሰው እስካሁን አልተወለደም። ተወልዶም ከሆነ አዳማ አይኖርም!

አትቆጡኝ። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ «አይዞህ፣ ቀላል ነገር ነው» ያላችሁ ዕለት እፎይ ብላችሁ ወጣችሁ? ውሸት! ከክፍሉ ስትወጡ ጆሯችሁ ከኋላ ቀርቶ ነበር። «ባለቤቱን እስቲ አንዴ ጥሩልኝ» ይል እንደሆነ እየሰማችሁ ነበር። በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ክፉውን ፊት ለፊት መንገር ነውር ነው። ክፉው ለዘመድ በጓዳ ይነገራል፤ ለታማሚው ለራሱ «ብርድ ነው» ይባላል። ስንት ዘመዶቻችንን በብርድ ቀበርን! ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ በሚያልብበት ከተማ ይሄ ሁሉ ብርድ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ታዲያ መዘዙ ምን መሰላችሁ? ክፉውን በመደበቅ የለመደ ሕዝብ ደጉ ሲነገረው አያምንም። «ደህና ነህ» ማለትና «አበቃልህ» ማለት አንድ ሆኖ አረፈው። ታዲያ እውነቱ የት ነው? ወረቀቱ ላይ! ጫጩት የሮጠበት በሚመስለው፣ በእንግሊዝኛ በተጻፈው ወረቀት ላይ። ሐኪሙ በአፉ ይዋሻል፣ በእጁ ግን አይዋሽም ብለን እናምናለን።

ወረቀቱን የሚያነበው ማን ነው? እኔ የምገባው እዚህ ላይ ነው።

እኔ በላቸው እባላለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ሰው ነኝ። የቀረውን የተማርኩት የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የመጋዘን ሠራተኛ ሆኜ ካርቶን ስሸከም፣ በምሳ ሰዓት ከመድኃኒት እሽግ ውስጥ የሚወጣውን፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈውን ወረቀት እየዘረጋሁ አነብ ነበር። መጀመሪያ አንድም ቃል አልገባኝም። በኋላ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የሕክምና መዝገበ ቃላት አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመኝ!

እንግሊዞች ጡንቻን የሚጠሩበት ቃል ከላቲን የመጣ መሆኑን ታውቃላችሁ? ትርጉሙ «ትንሽዬ አይጥ» ነው። ክንዳችሁን አጥፋችሁ ዘርጉትና እዩት... ከቆዳ ሥር ሽው የምትል አይጥ አትመስልም? ክትባትን የሚጠሩበት ቃል ከላም የመጣ ነው። ኳራንቲን በጣልያን አርባ ቀን ማለት ነው። ማላሪያ ደግሞ መጥፎ አየር ነው፤ የጥንት ሰዎች ወባን የሚያመጣው የረግረግ ሽታ ይመስላቸው ነበር፣ ትንኟ እየበላቻቸው!

ልጆቼን ያሳደግኳቸው በነዚህ ቃላት ነው። ማታ ማታ እራት ከመቆረሱ በፊት አንድ ቃል፣ ከነምንጩ። ምንጩን ያልነገረኝ ልጅ ወጡ ሲቀዘቅዝ ቁጭ ብሎ ያያል። ትልቋ ልጄ ማህሌት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ስቅታ ይዟት ስታለቅስ፣ «ሲንጉልተስ ይባላል! ከላቲን ነው!» ብዬ ሳስረዳት፣ «አባዬ... ህቅ!... ውሃ... ህቅ!... ስጠኝ!» ያለችውን እናቷ እስከ ዛሬ ትነግረኛለች። ውሃውን የሰጠኋት ቃሉን ከደገመች በኋላ ነው። ጥብቅ አባት ነኝ፤ አልክድም።

ለልጆቼ ደጋግሜ የነገርኳቸው አንድ ነገር ደግሞ አለ። «አላውቅም ማለት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሳያውቁ ማውራት ነው።» ደግ ምክር ነው። ጉድለቱ፣ መካሪው እሱ ራሱ አንድም ቀን አላውቅም ብሎ አለማወቁ ነው።

እንግዲህ የሰፈራችን ሰው ከሐኪም ቤት ሲመለስ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። እኔ መነጽሬን አደርጋለሁ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራለሁ፣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ቃሉን አነባለሁ። ከላቲን ነው ወይም ከግሪክ ነው እላለሁ። ሰዉ «አይ እውቀት!» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ዝናዬ እስከ መተሐራ ደርሷል ይሉኛል። እኔም ዝም እላለሁ... ማለት፣ አላስተባብልም።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት አደ ወርቂቱ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። የጎረቤቴ የኦቦ ጉተማ ባለቤት ናቸው። ኦቦ ጉተማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት አለው፤ የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን የሚያነሳ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። ትከሻው ላይ የሎሚ ያህል እብጠት ከወጣበት ብዙ ዘመኑ ነው። በዚያ ሰሞን ሸሚዙ እየነካካ አስቸገረውና ሐኪም ዘንድ ሄዶ ታየ።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አልኳቸው።

«ስብ ነው አለ» አሉና ወደ ሚስቴ ወደ አልማዝ ዞረው ልቅሷቸውን ለቀቁት። «ሰማሽ አልማዝ? ስብ ነው አለ! ምንም አያደርግህም፣ ካልፈለግህ ባትነካውም ይሆናል አለው... እየሳቀ!»

«እየሳቀ?» አለች አልማዝ፣ ደረቷን ይዛ። «ወይኔ! ከሳቁማ ከባድ ነው!»

«ጉተማ እኮ ሞኝ ነው፣ አመነው። እኔ ግን ስወጣ ካርዱን እንዲያሳዩኝ ለመንኩና ቃሉን አስገለበጥኩ። ይኸው ጋሽ በላቸው፣ እርስዎ ይዩልኝ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ እኔ እችለዋለሁ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። አልማዝ አለች፣ አደ ወርቂቱ አሉ፣ ሁለት ሴቶች ደግሞ ልቅሶውን ሰምተው ከአጥር ወዲያ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ስምንት ዓይን! ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፤ «ሊፖማ»።

አሁን በሐቅ እንነጋገር። የቃሉን የኋለኛ ግማሽ አውቀዋለሁ፤ «ኦማ» በግሪክ እብጠትን ያመለክታል፣ ብዙ ክፉ ክፉ በሽታዎች ስማቸው በእሱ ያልቃል። የፊተኛውን ግማሽ አላወቅኩትም። መዝገበ ቃላቱ ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ ነበር። ዞሬ ብገልጠው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን በስምንት ዓይን ፊት መጽሐፍ መግለጥ... ለእኔ? ቄስ አባታችን ሆይን ለማለት መጽሐፍ ይገልጣል?

መነጽሬን አወለቅኩ። መነጽር ማውለቅ ብቻውን ግማሽ መርዶ እንደሆነ ያኔ አላሰብኩትም። አደ ወርቂቱ ወንበሩን ያዙ።

«ኦማ አለበት» አልኩ።

«ኦማ ምንድን ነው?»

«ከግሪክ ነው። ለምሳሌ ካርሲኖማ የሚባል አለ። ትርጉሙ ከሸርጣን የመጣ ነው።»

«ሸርጣን ደግሞ ምንድን ነው?»

«የባሕር ፍጥረት ነው። ብዙ እግር አለው። አንዴ ቆንጥጦ ከያዘ አይለቅም።»

ካርሲኖማ፣ ማለትም ካንሰር፣ ነው አላልኩም። ለምሳሌ ነው ያልኩት። ግን «ለምሳሌ» የሚለውን ቃል በልቅሶ መካከል ማን ይሰማል? ማምሻውን ጎሚስታው ጉተማ ትከሻው ውስጥ ብዙ እግር ያለው አውሬ ተገኘበት የሚል ወሬ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር። በማግስቱ በዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ የእግሩ ብዛት አሥራ ሁለት ደርሷል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ላይ ሁሉም ተስማማ፤ ጉተማ እንዳይሰማ!

እኛ ስንደብቅ እንዴት እንደምንደብቅ ታውቃላችሁ አይደል? ሐሙስ ጠዋት ጎሚስታ ቤቱ በሙዝ ተሞላ። ብርቱካን መጣ፣ ማልታ በካርቶን መጣ፣ ትኩስ ወተት በፔርሙዝ መጣ። ሰዉ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ጉተማን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል፣ «እሱ ያውቃል» ብሎ ይተነፍሳል፣ ይወጣል። ከሰዓት ላይ ብቅ ብል ጉተማ ጎማ ታቅፎ፣ በሙዝ ተከቦ ተቀምጧል።

«አካም፣ በላቸው» አለኝ። «ና እስቲ ቁጭ በል። አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቀኝ።»

«ሰው ለምንድን ነው ሙዝ የሚያመጣልኝ?»

«ስለሚወዱህ ነዋ!»

«ከመቼ ጀምሮ? ያ በአጥር የተጣላኝ ሰውዬ፣ ሰላም እንኳ የማይለኝ፣ ዛሬ መጥቶ ጉልበቴን ካልሳምኩ ብሎ ታገለኝ። ቅዳሜ ደግሞ ሶደሬ ወስደን ፍል ውሃ እናስነክርህ ይሉኛል። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ሶደሬ የጋበዘኝ አለ?» ጎማውን ወደ ጎን አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በላቸው፣ አንተ ሰው ስትገሥጽ እንጂ ስትዋሽ አላየሁህም። ምን ሆኛለሁ?»

እውነት መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ምን ሆነ መሰላችሁ?

«ብርድ ነው» አልኩት።

ላቡ በግንባሩ ኮለል ይላል፤ አስፋልቱ ከሙቀቱ ብዛት ይጨሳል። ጎማው ተንከባሎ ሄዶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ አላነሳውም። «ገባኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ብርድ ነው... አባቴንም ብርድ ነው ያሉት።»

እስከዚህ ድረስ ጥፋቴ በእንባና በሙዝ ብቻ ይለካ ነበር። የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጉተማ አንድ ሴት ልጅ አለችው፣ ሌንሴ። ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ናት፤ የመጨረሻ ፈተናዋ ሰኞ ይጀምራል። እጮኛዋ አቦምሳ ከተማ የሚያስተምር መምህር ነው፤ ሠርጉም ከምረቃው በኋላ ተብሎ ተቆርጦ ነበር። ሐሙስ ማታ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና «አባት ሳያያት እንዳያልፍ» ብለው ሠርጉን ወደ መጪው እሑድ አመጡት። ልጅቷ ተጠርታ ዓርብ ረፋዱ ላይ ደረሰች። ፈተናው ቀረ። ከሠርጉ በኋላ አባቷን ልታስታምም፣ ከዚያም አቦምሳ ልትገባ፤ ትምህርቱ እንግዲህ... ይታያል ተባለ። «ይታያል» የሚባል ነገር ታይቶ አያውቅም።

ሌንሴ ሻንጣዋን ሳታወርድ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ የአባዬ ነገር እውነት ነው?»

«ልጄ፣ በርቺ።»

«ሰኞ እኮ ፈተና አለኝ። አራት ፈተና ነው የቀረኝ። እርስዎ ራስዎ ‹ከትምህርት የሚቀድም ነገር የለም› ሲሉን አይደል ያደግነው? ምን ይሻለኛል?»

«ፈተና ሌላ ዓመትም አለ» አልኳት። «አባት ግን አንድ ነው።»

ይሄን ያለው የእኔ አፍ ነው! ልጆቼን ለፊደል ስል በቀዘቀዘ ወጥ የቀጣሁት የእኔ! ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ወጣች። እኔም ቁምነገር የተናገርኩ መስሎኝ ጋዜጣዬን ዘረጋሁ።

ልጄ ማህሌት ሞጆ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ያን ዕለት ከሰዓት ለሠርጉ ብላ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ጠየቀችኝ።

«ኦቦ ጉተማን ምን አገኛቸው?»

«ኦማ ነው» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«የምን ኦማ?»

«ሊፖማ የሚል ነው ወረቀቱ።»

ማህሌት አየችኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ሳቁ ወደ ቁጣ ተቀየረ።

«አባዬ! ሊፖማ ስብ ነው!»

«ኦማ እኮ...»

«ኦማ እብጠት ነው፣ አዎ። ባለፈው ዓመት የቁም ሳጥኑ በር ግንባርህን ሲመታህ የወጣብህ ሄማቶማ ነበር። ሞትክ?»

መዝገበ ቃላቱን አወረድኩ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፤ ከስብ የሚሠራ፣ ለስላሳ፣ ጉዳት የማያደርስ እብጠት። ሐኪሙ ለጉተማ የነገረው ቃል በቃል ይኸው ነው። ሰውዬው በሕይወቱ አንዴ ግሪኩን አሳምሮ ወደ አማርኛ ቢመልስ፣ እኛ አማርኛውን ጥለን ግሪኩን ፍለጋ ሄድን!

«ስማ አባዬ» አለች ማህሌት፤ እንደ ሕፃን ትገሥጸኝ ጀመር። «ሐኪሞች እንኳ ምክንያቱን የማያውቁት ሕመም ሲገጥማቸው ‹ኢዲዮፓቲክ› ብለው ይጽፋሉ። አላውቅም ማለታቸው ነው፣ በግሪክ። አንተ ግን በየትኛውም ቋንቋ ብለህ አታውቅም። በል ተነስ፣ ንገራቸው።»

ተነሳሁ። ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ሄጄ ስብ ነው ማለት ብቻ ነው አይደል? በእንጨት በተደገፈው በራቸው ገባሁ።

«አደ ወርቂቱ፣ ተሳስቻለሁ። ስብ ነው።»

አደ ወርቂቱ ተነስተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። እንባቸው ወረደ።

«እግዜር ያክብርልኝ ጋሽ በላቸው። አውቃለሁ፤ ለሌንሴ ብለው ነው።»

«የለም፣ እውነቴን ነው! መጽሐፉን አይቻለሁ! ስብ ነው!»

«ስብ ነው...» አሉ፣ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጫን አድርገው። «ሐኪሙም እንዲሁ ነበር ያለው። አንጀቱ የራራ ልጅ። ትናንት እንኳ ሄጄ መልሼ ጠየቅኩት፤ ‹እማማ ስብ ነው አልኩዎት እኮ› ብሎ ተቆጣ። እስቲ ደህና ሰው ምን ያስቆጣዋል?»

ይኸውላችሁ እንግዲህ! ክፉውን ስናገር በአንድ ቃል አመኑኝ። ደጉን ብምልም አያምኑኝም። እንዲያውም በማልኩ ቁጥር ልቅሶው እየባሰ ሄደ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። ወደ ጉተማ ሮጥኩ።

«ስብ ነው!» አልኩት ከደጅ።

ጉተማ በትካዜ አየኝ። «ትናንት ብርድ ነበር፤ ዛሬ ስብ ሆነ። ነገ ምን ልትለኝ ነው፣ በላቸው? ተው አትድከም። አዝነህልኛል፣ ይበቃኛል።»

ማህሌትን ላክኋት። ነጭ ጋወኗን ለብሳ፣ በትምህርት ቋንቋ ከሀ እስከ ፐ አስረድታ ተመለሰች። ምን አሏት? «አባቷ ልኳት ነው፤ አባት ከነልጁ እንዴት ያለ ደግ ቤተሰብ ነው!»

«ምን ይሻላል?» አልኳት። ልጄን ምክር ስጠይቃት የመጀመሪያዬ ነበር፤ እሷም ሳይታወቃት አልቀረም።

«አባዬ፣ አንተ ሁሉን ታውቃለህ ብለው ነው ያመኑህ። ስለዚህ ስብ ነው ስትላቸው አውቀህ የደበቅካቸው ነው የሚመስላቸው። እንደማታውቅ ካልነገርካቸው በቀር ሌንሴ ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ሙሽራ ናት።»

ያን ዕለት እራት አልበላሁም። ማንንም ቃል አልጠየቅኩም፤ ወጡም ሳይቀዘቅዝ ተነሳሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በጉተማ ግቢ ድንኳን ሲተከል ሰፈሩ ሁሉ ነበረ። ሶደሬ የሚወስደው ሚኒባስ በር ላይ ቆሟል። ሌንሴ ጥግ ላይ፣ የዩኒቨርሲቲ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሳትገልጠው ተቀምጣለች። ጉተማ በክብር ወንበር ላይ ተደርጓል፤ ከወዲሁ የልቅሶ ቤት ፎቶግራፍ መስሏል። ተነሳሁና አጨበጨብኩ።

«ወገኖቼ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ። እማማ ጥሩነሽ፣ እርስዎ አሉ?»

«አለሁ ልጄ» አሉ፣ ከነሻሻቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሯቸውን በሻሽ ጠቅልለው ነው የሚሄዱት።

«የእርስዎ ወረቀት ላይ የነበረው ‹ሴሩመን› የሚል ነው። ከላቲን የመጣ ነው ብዬ፣ ነፋስ እንዳይነካው ጆሮዎን ይሸፍኑ አልኩዎት። ከሰም የመጣ ቃል ነው። ትርጉሙ የጆሮ ኩክ ነው።»

«ኩክ?»

«ኩክ። ያኔውኑ ሐኪሙ አጥቦልዎታል። የነፋሱን ነገር እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

እማማ ጥሩነሽ ሻሹን ቀስ ብለው ፈቱት። «ለዚህ ነዋ» አሉ፣ «ድምፅ የራቀኝ!»

«አቶ ሙሉጌታ! አንተስ አለህ? ያንተ ‹ቦርቦሪግመስ› ሆድ ሲጮህ ማለት ነው። ግሪኮች ድምፁን ሰምተው ያወጡለት ስም ነው። ብርቅ በሽታ ነው ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«ሆዴ ሲጮህ?» አቶ ሙሉጌታ ከመቀመጫው ተነሳ። «መሥሪያ ቤት እኮ ሰው ሁሉ ‹ቦርቦሪግመስህ እንዴት አደረ› እያለ ያከብረኝ ነበር! እንዴት አንድ ሰው በአደባባይ በሽታዬን ይቀማኛል?»

ጉድ ፈላ! ከየማዕዘኑ «የእኔስ? የእኔስ?» ሆነ። የማስታውሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ያየሁትን እንዳየሁ፣ የጨመርኩትን እንደጨመርኩ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቷል። በመጨረሻ ወደ ጉተማ ዞርኩ።

«የጉተማንም ቃል አላወቅኩትም ነበር። ግማሹን ነው የማውቀው። መጽሐፉ ከጀርባዬ ነበር፤ በሰው ፊት መግለጥ አፈርኩ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ... አላውቅም ነበር።»

አደ ወርቂቱ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ማንሳት ጀመሩ፤ ይሄንንም ከርኅራኄ ሊቆጥሩብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ያን ጊዜ ጉተማ ተነስቶ ቆመ።

«ተይ ወርቂቱ፣ አታልቅሺ። እውነቱን ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«በላቸውን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ይሄ ሰው አዝኖልሽ ሊዋሽ ይችላል። ሙዝም ሊያመጣልሽ ይችላል። ለማንም ብሎ ግን፣ ለገዛ ነፍሱም ብሎ ቢሆን፣ በሰው ፊት ‹አላውቅም› አይልም! ይሄን ካለማ... ስብ ነው!»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። አደ ወርቂቱ እልል አሉ፤ እልልታቸውን ሳይጨርሱ የሙዝ እቅፍ አንስተው «ሦስት ቀን! ሦስት ቀን አስለቀሱኝ!» እያሉ መጡብኝ። ከወረወሩት ሙዝ ሁለቱ አገኙኝ፤ አንዱ የበሰለ ነበር። ሽማግሌዎቹ እዚያው ቆመው ሠርጉን ወደ ቀድሞ ቀኑ መለሱት። ሚኒባሱ ግን ከመጣ አይቀርም ተብሎ ጉተማን ሶደሬ ወሰደው፤ ደህና ሰው ሆኖ ፍል ውሃ መግባት እንዴት እንደሚጥም ሲያወራ ይኸው አልጨረሰም።

ሌንሴ እሑድ ማለዳ ልትሄድ ስትል ደጄ መጣች። ቂም ይዛብኝ ከሆነ ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ጋሼ፣ ፈተናው ላይ የማላውቀው ጥያቄ ቢመጣስ?»

«እለፊው።»

«ግማሹን ባውቀውስ?»

«እሱ ከሁሉ የከፋው ነው!» አልኩ፤ ድምፄ ሳላስበው ጮኸ። ሳቀችና ጉንጬን ስማኝ ሄደች። አራቱንም ፈተና ተፈትናለች፤ አልፋለችም። የምረቃ ጋወን ለብሳ የተነሳችው ፎቶግራፍ ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ፣ ከጎማዎቹ በላይ ተሰቅሏል።

እኔም ከዚያ ወዲህ ወስኛለሁ። ማንም ወረቀት ይዞ ቢመጣ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ሰው በሽምግልናው መታረም ይችላል፤ ልጆቻችሁ ፊት አንዴ ተሳስታችሁ ብትገኙ ክብራችሁ አይቀንስም፤ ይሄን ለአባቶች ሁሉ እመክራለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከቡልቡላ አንድ ሰው መጣ። በሬ የመሰለ ጎልማሳ ነው፤ ስለ እኔ የሰማው ከድሮው ነው፣ የድንኳኑን ነገር አልሰማም። «የማያውቁት ቃል የለም ብለውኝ ነው ጋሼ» ብሎ ወረቀቱን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። አየሁት። ረጅም ቃል ነው። ጭራውንም ራሱንም አላወቅኩትም። መነጽሬን ሳላወልቅ፣ ረጋ ብዬ፣ በኩራት እንዲህ አልኩት፦

«ልጄ፣ አላውቅም።»

ሰውዬው ፊቱ አመድ ሆነ። ወንበሩን ጎተተና ቁጭ አለ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«ገባኝ ጋሼ» አለኝ። «እርስዎ እንኳ አፍ አውጥተው ሊሉት የከበደዎት... እንግዲህ ስንት ቀን ቀረኝ?»